እንግዳውን የመረቁት ሽማግሌ

እንጅባራ፣ መጋቢት 2011 ዓ.ም.

ውድ ተሻገር፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ብርዱም ጾሙም አንድ ላይ መጥቶብን እንደ ምንም አለን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ጎረቤቴ አያ ሽባባው ሳላቸው ትንሽ በረድ ብሎላቸዋል። ጤና ጣቢያ ወስጃቸው ሽሮፕና እንክብል ሰጧቸው። ሽሮፑን ይወዱታል፤ እንክብሉን ግን ከትራሳቸው ሥር እየደበቁ አስቸግረውኛል። ዐይናቸው ያው ነው። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ሰውን የሚያውቁት በድምፁ ነው። ሸጋ፣ የወንድማቸው ልጅ፣ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። ሕፃኑን ሲያሳቅፏቸው ጣቶቹን አንድ በአንድ እየዳሰሱ «ይኼ ገበሬ አይሆንም፣ እጁ ለስላሳ ነው» ብለው ቤቱን በሙሉ አሳቁት።

«ጎረቤቴ» ያልኩህ ተሳስቼ አይደለም። ድሮ ቢሆን «አባትህ ደኅና ናቸው» ብዬ ነበር የምጀምር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ላንተ ስጽፍ እሳቸውን ምን ብዬ እንደምጠራ ጨነቀኝ። «አባትህ» ብል የምቆጣህ ይመስላል፤ «ሽማግሌው» ብል ደግሞ እኔም እንዳንተ መሆኔ ነው። ስንት ወረቀት ቀድጄ በመጨረሻ «ጎረቤቴ» የሚለው ተገኘ። እሱስ ቢሆን እውነት ነው፤ ግድግዳችን አንድ ነው። ሲያስሉ እሰማለሁ፣ ስስቅ ይሰማሉ።

የሆነውን አንተም ታውቀዋለህ፤ መድረኩ ላይ የነበርከው አንተ ነህ። እኔ ከተቀመጥኩበት በኩል እንዴት እንደነበረ ግን አታውቅምና ልንገርህ።

ድርጅታችን ማር እያሸገ ለየከተማው የሚልክ ነው። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው፣ በጽዳት ገብቼ ዛሬ «የመስተንግዶ ኃላፊ» ይሉኛል። ኃላፊነቱ ያው ብርጭቆና ወንበር ነው። አሥረኛ ዓመታችንን ልናከብር ስብሰባ ስንቀመጥ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ደጉ «ዘንድሮ ዘፋኝ አንጠራም፤ ሠራተኛውን የሚያነቃቃ ተናጋሪ እንጋብዛለን» አሉ። ጥበቃው ሰውነት ከኋላ ሆኖ «እኔን ለማንቃት ከአዲስ አበባ ሰው ማምጣት ምን አስፈለገ? ጅቡ መቼ አንሶኝ!» ቢል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የማሸጊያ ክፍል ሴቶች ደግሞ «ንግግሩ ቀርቶ በግ ይታረድልን» አሉ። አቶ ደጉ «በጉም ይታረዳል፣ ንግግሩም ይኖራል» ብለው ቆረጡ። የሰው ኃይል ክፍሉ ብሥራት ወዲያው ስልኩን አውጥቶ የተናጋሪዎችን ቪዲዮ ያሳየን ጀመር። አንዱ ይጮኻል፤ አንዱ መድረክ ላይ ይዘላል። ከዚያ አንተ መጣህ። ኮት ለብሰህ፣ ጢምህን አሳምረህ፣ ቀስ ብለህ እየተራመድክ።

«ይኼን አውቀዋለሁ!» ብዬ ከወንበሬ ተነሣሁ።

ብሥራት «እትዬ ስሜነሽ፣ ይኼ እኮ ትልቅ ሰው ነው» አለኝ።

«ትልቅማ ነው። እኔ ቤት ድንች እየበላ ነው የተለቀው» አልኩት።

ሐሰት ተናገርኩ? ዘንገና አጠገብ ስንኖር እናትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ካረፈች በኋላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኔ ቤት ጎራ ሳትል አታልፍም ነበር። ትኩሱን ድንች ከአንዱ እጅህ ወደ ሌላው እየወረወርክ፣ አባትህ ከእርሻ እስኪመለሱ እየጠበቅክ። ቆማጣውን እርሳስህን በቀርከሃ አስረው ያረዘሙልህ እሳቸው ናቸው። ይኼን እንኳ ትረሳዋለህ ብዬ አላስብም።

ደግሞ ልንገርህ፣ እኔ ለድርጅቱ ተናጋሪ ስፈልግ አልነበረም፤ ለአያ ሽባባው ልጃቸውን ስፈልግ ነበር። አንተ አዲስ አበባ ከገባህ ወዲህ መጀመሪያ ስልክህ ራቀ፣ ቀጥሎ ቁጥርህ ተለወጠ። እሳቸው ዐይናቸው ሲደክም መሬታቸውን ለሸጋ ባል በእኩል እንዲያርስ ሰጥተው እንጅባራ መጥተው ከእኔ ጎን ቤት ተከራዩ። አንተ ይኼን አታውቅም ነበር። ሬዲዮ ሲከፈት ጆሯቸውን አስጠግተው «እሱ ነው፣ ተሻገር ነው» ይላሉ። አንዳንዴ እውነትም አንተ ነህ። አንዳንዴ ስለ ማዳበሪያ የሚያወራ ሌላ ሰው ነው፤ እሱንም «እሱ ነው» ይላሉ። 

ቢሮህ ስደውል ያነሣችው ያቺ ዮዲት ናት። «የአሰልጣኝ ተሻገር ቢሮ ነው፤ ማን ልበል?» አለችኝ።

«ስሜነሽ፣ የዘንገናዋ በይው።»

«ከየትኛው ተቋም ነዎት?»

«ከተቋም አይደለሁም እናቴ፣ ከጎረቤት ነኝ።»

ሳቀች። ደግ ልጅ ናት፤ ምንም አልቀየምኳትም። ውሉ፣ ገመድ የሌለው ማይክ፣ ፕሮጀክተሩ፣ ዝንጅብል የገባበት ለብ ያለ ውሃ፣ ሁሉንም እያስረዳች አጻፈችኝ። ሠራተኞቻችን እነማን እንደሆኑ፣ ምን እንደሚያስጨንቃቸው አንተ ቀድመህ ማወቅ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ካርዴ እስኪያልቅ አወራኋት። የሰውነትን ጅብ፣ የሴቶቹን በግ፣ የአቶ ደጉን የመጀመሪያ ዓመት ኪሳራ ሳይቀር። ሥራውን የሚያከብር ሰው እንዲህ ነው ብዬ ኮራሁብህ።

ከዚያ አንተው ራስህ ደወልክ። «እትዬ ስሜ! አለሽ እንዴ?» ስትለኝ ያ የድንች ልጅ ድምፅ ነው፤ እንባዬ መጣ። «አለሁ! አባትህ...» ብዬ ስጀምር «የቤተሰቡን ስመጣ በሰፊው እናወራለን፤ አሁን ስብሰባ ልገባ ነው» አልከኝ። ከግድግዳዬ ማዶ መሆናቸውን ልነግርህ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ቆይ፣ አልኩ በልቤ፤ ድንገት ቢያያቸው ደስታው ይበልጣል። ለእሳቸው ግን «ስመጣ በሰፊው እናወራለን ብሏል» አልኳቸው። ቃሏን በየቀኑ ያስደግሙኝ ነበር። «በሰፊው አለ?» «አዎ፣ በሰፊው።»

ፖስተሩ ሲመጣ ቤት ወስጄ አነበብኩላቸው። «ተሻገር አዊ» ይላል።

«ሽባባው አይልም?» አሉኝ።

«ቦታ እንዳይፈጅ አሳጥረውት ይሆናል» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና «አዊም ጥሩ ነው፣ አገራችን ነው። ከእኔ አዊ ይሰፋል» አሉ።

እዚህ አገር ዝግጅት ያለ ሽማግሌ ምርቃት እንደማይዘጋ ረስተኸው አይመስለኝም። አቶ ደጉ «መራቂ ሽማግሌ ማን ይሁን?» ሲሉ «እሱን ለእኔ ተዉልኝ» አልኩ። ማን እንደሆኑ ለማንም አልተነፈስኩም። ሐሳቤ ይኼ ነበር፦ አንተ ንግግርህን ትጨርሳለህ፣ አባትህ ሊመርቁ ይወጣሉ፣ ታያቸዋለህ፣ አንገታቸው ላይ ትጠመጠማለህ፣ አዳራሹ ይላቀሳል። የማሸጊያ ሴቶችን «እጄን ሳነሣ እልል በሉ» ብዬ አስጠንቅቄ ነበር። «ምን ሊሆን ነው?» ቢሉኝ «ታያላችሁ» አልኳቸው። እንደ ሠርግ ነበር የደገስኩት።

በዚያ ቀን፣ ቅበላ ሳይገባ ነው፣ በባጃጅ ይዣቸው መጣሁ። አዲስ ጋቢ ለብሰዋል። መንገዱን ሁሉ «ፀጉሬ ተበጥሯል?» ይሉኛል። «ካለ ይበጠራል አያ» ስላቸው ባለባጃጁ ሳይቀር ሳቀ። ሳትወጣ አንዴ ላገናኛችሁ ብዬ በጓዳ በኩል ብመጣ ዮዲት በር ላይ ቆማለች። «ይቅርታ እትዬ፣ ከመድረክ በፊት ማንንም አያገኝም፣ ሐሳቡ ይበተናል» አለችኝ። እሺ አልኩ። ሥራ ነው። ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸውና ጎናቸው ተቀመጥኩ።

ወጣህ። እንዴት ያለ አንደበት ነው የሰጠህ! ሰውነትን በስሙ ጠርተህ «ጅብ የሚያነቃው ጀግና የቱ ነው?» ስትል አዳራሹ ሊፈርስ ደረሰ። ሰውነት ያን ዕለት አንድ ክንድ ረዘመ። የማያነቡት ሴቶች፣ ማር ሲያሽጉ የሚውሉት፣ ለሥራቸው ስም ስትሰጠው አለቀሱ። አባትህ ፊታቸውን ወደ ድምፅህ አዙረው፣ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ከንፈራቸው እያንዳንዷን ቃል ይከተላል። አንዴ ጎኔን ጎሸም አድርገው «ሳል የለበትም» አሉኝ። ደረቱ ደኅና ነው ማለታቸው ነው። ልጅ ሆነህ ደረትህን ያምህ ነበር አይደል።

ከዚያ ድምፅህን ዝቅ አደረግክ። «እኔ ግን» አልክ፣ «አባቴን የቀበርኩት በአሥር ዓመቴ ነው።»

መጀመሪያ የሰማሁ አልመሰለኝም። ቀጠልክ። «ከመቃብር ስመለስ ቤታችን የቀረው አንድ ዳማ ፈረስ ነበር። እሱን በእነዚህ እጆቼ ስቤ ገበያ አወጣሁ። ሸጬ ደብተር ገዛሁ። ከሰል በጀርባዬ ተሸክሜ አዲስ ቅዳም ገበያ እየወጣሁ ተማርኩ። እጄን የያዘኝ አባት አልነበረም።»

አባትህ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ዳማውን የሸጥኩት እኔ ነኝ እኮ» አሉኝ። በፈገግታ ነው፤ ልጅ ትምህርቱን ሲሳሳት እንደሚያርም ሰው። ፈረሱን ባንተ ትምህርት እንደለወጡት አገር ያውቃል። ከዚያ ወዲያ ጥር በመጣ ቁጥር ፈረሰኞቹ ለበዓላቸው ሲያልፉ ከአጥር ጥግ በእግራቸው ቆመው ነበር የሚያዩት፤ ፈረሰኛ የነበረ ሰው በእግሩ ሲቆም ምን እንደሚመስል አንተም አይተሃል። ከሰሉንም ቢሆን የተሸከሙት እሳቸው ናቸው። አንተ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረህ የወጣህበት ጊዜ አለ፤ አልክድህም።

ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጠፋ።

«ስሜነሽ» አሉኝ፣ «የሞተው ማን ነው?»

«ምሳሌ ነው አያ። ለንግግሩ ማማሪያ ነው።»

«እኔ ነኝ» አሉ። አልጠየቁኝም፤ ነገሩኝ።

አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበልህ። የሰው እንባ ይወርዳል። እሳቸውም ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው መሐል አስገብተው አጨበጨቡ። እኔ ክንዳቸውን ይዤ «እንውጣ፣ በኋላ በር ባጃጅ እጠራለሁ» ብላቸው «ተይ» አሉኝ። «እንጀራው ነው። አሁን እኔ አለሁ ብዬ ብነሣ ይኼ ሁሉ ሰው እሱን ምን ይለዋል?»

ለአቶ ደጉ በዐይኔ ምልክት ላሳይ ሞከርኩ። እሳቸው ግን እንባቸውን እየጠረጉ ማይኩን ይዘው «እንግዳችንን የሚመርቁልን አባታችንን አያ ሽባባውን ወደ መድረክ እጋብዛለሁ» አሉ።

አንተ ያኔ አየሃቸው፤ እስከዚያ የመድረኩ መብራት ሳይጋርድህ አልቀረም። እኔ ደግሞ አንተን አየሁህ። የያዝከው ውሃ ደረትህ ላይ ፈሰሰ። ብሥራት ደግፎ አወጣቸው፤ ፊትህ አቆማቸው። አንድ ቃል ብትናገር ይበቃ ነበር፣ ተሻገር። «አባቴ» የሚሉት ቃል ረጅም አይደለም። ጠበቅኩ። እሳቸውም የጠበቁ መሰለኝ፤ ፊታቸውን ወደ አንተ አዘነበሉ።

ከዚያ እጃቸውን አነሡ። «አሜን በሉ» አሉ ለሕዝቡ። «እንግዳችን፣ የሰው አገር ልጅ፣ መንገድህን ያቅናልህ። አንደበትህን አይንጠቅብህ። ከክፉ ዐይን ይሰውርህ። ሰምተህ የማትጠግበው ልጅ ይስጥህ።» በየመሐሉ አሜን ይባላል። አንተ ጎንበስ አልክ፤ እጃቸውን ራስህ ላይ አሳረፉ። «የወለደችህን እናትህን ነፍስ ይማር» አሉ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። «አባትህንም ነፍስ ይማር።»

«አሜን!» አለ አዳራሹ። ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ አሜን ይሁን ሌላ ግን አላወቅኩም። እጃቸው ራስህ ላይ ቆየ። ምርቃቱ አልቆ፣ ጭብጨባው ተጀምሮ፣ ብሥራት ሊያወርዳቸው ክንዳቸውን ይዞ፣ እጃቸው ገና ፀጉርህ ላይ ነበር። እኔ እጄን አላነሣሁም። ሴቶቹ ግን ጊዜው የደረሰ መስሏቸው በራሳቸው እልል አሉ።

ማሩን በስጦታ ካርቶን ይዤ መኪናህ ድረስ ሮጥኩ። ለባሕር ዳር በረራ ቸኩላችኋል። መስታወቱን ዝቅ አድርገህ «እትዬ፣ ምነው ሳትነግሪኝ?» አልከኝ። ፊትህ አመድ መስሏል። እኔም ካርቶኑን በመስኮቱ አቀበልኩህ። አሁን ቢሆን እመልስልህ ነበር። ምኑን ነበር የምነግርህ? እንጅባራ መግባታቸውን? ወይስ በሕይወት መኖራቸውን? መኪናው ሄደ፤ እኔ አቧራው ውስጥ ቆሜ ቀረሁ።

ድርጅቱ ባንተ እንደ ኮራ ነው። ፎቶህ መግቢያው ላይ ተሰቅሏል። ሰውነት በሥራ የደከመ ሰው ባየ ቁጥር «አባቱን በአሥር ዓመቱ የቀበረ ሰው እዚህ ደርሷል፣ አንተ ምን ሆንክ?» ይለዋል። እኔ ብርጭቆዬን ይዤ አልፋለሁ። ምላሴን ነክሼ ነው የማልፈው፤ እሳቸው በማርያም ይዘውኛል፣ ለማንም እንዳልናገር። ያ ያልኩህ ሁሉ ከዚህ ወረቀት ውጭ ከአፌ አልወጣም።

ደጋግሜ ደውያለሁ። ዮዲት «ሥልጠና ላይ ነው» ትለኛለች። ድምፅዋ ከበፊቱ ይልቅ ለስልሷል፤ ያወቀች ይመስለኛል። ብሥራት ለሥራ አዲስ አበባ ስለሚመጣ ይኼን በእጁ ልኬልሃለሁ።

ና አልልህም፤ ማን ነኝና። መድረክ ወጥተህ ተሳስቻለሁ በልም አልልህም፤ እሳቸውም አይፈልጉትም። ማንም ሳያይህ በግቢው በር ገብተህ «ደኅና ዋላችሁ» ብትል ግን ይበቃል። ያውቁሃል። ስምህን ሳትናገር ያውቁሃል።

ሸጋ ሕፃኑን አዝላ ትናንት መጥታ ነበር። ባሏ ፌስቡክ ላይ ንግግርህን አይቶት ኖሮ ስልኩን ይዛ «ይኼ ልጅ አጎቴን በቁማቸው ገደላቸው!» እያለች ገባች። አያ ሽባባው አስጮኹና አዳመጡት፣ ከዳር እስከ ዳር። ሲያልቅ «ይኼ የኛ ልጅ አይደለም። ድምፁ ይመስላል እንጂ» አሏት። «አጎቴ፣ መልኩም እኮ እሱ ነው!» ብትላቸው «አንቺ ዐይን ስላለሽ ነው የተሳሳትሽው» አሏትና ሕፃኑን ተቀብለው ማባበል ያዙ።

ዛሬ ደግሞ የእድራችን ዳኛ ወርቅአየሁ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔ ዘንድ ጎራ አለ። ተቀመጥ ስለው እምቢ አለ፤ በር ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ያገላብጣል። «እትዬ ስሜነሽ፣ አያ ሽባባው ምን ሆነዋል?» አለኝ። «ምነው?» ስለው፣ «ዛሬ እድር ቤት ድረስ በምርኩዛቸው መጥተው 'ስሞት ለልጄ መርዶ እንዳትልኩበት' ብለው አዘዙን። 'ኧረ እንዴት ይሆናል፣ አንድ ልጅዎ አይደለም ወይ?' ብንላቸው፣ 'እሱ እርሙን አውጥቷል፤ አንድን አባት ስንት ጊዜ ያልቅስ?' አሉን።»

እትዬ ስሜነሽ